ስለ ሪህ፣ ስለ ዩሪክ አሲድና ስለ ዕፅዋት ማሟያዎች



ሪህ የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ትርጉም አለው። ጉልበቱን የሚቆረጥመውም፣ ወገቡን የሚያመውም ሁሉ ሪህ ያዘኝ ይላል። በሕክምና ዘንድ ግን ሪህ ራሱን የቻለ ደዌ ነው፤ ይኸውም በደም ውስጥ የበዛው ዩሪክ አሲድ በመጋጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ ሲከማች የሚነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር አውራ ጣት የሚጀምር ብርቱ ሕመም ነው። በዚህ የስም መደባለቅ የተነሣ ለአንዱ ሕመም ይረዳል የተባለ ቅጠል ወይም እንክብል ለሌላውም ይወሰዳል። ስለሆነም ማናቸውም የዕፅዋት ማሟያ ሲቀርብ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ተክሉ የሚያስታግሠው ሕመሙን ነው ወይስ የሚቀንሰው ዩሪክ አሲዱን?

ዩሪክ አሲድ የሚገኘው ፑሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲፈርስ ነው። ፑሪንም ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከሰውነት ሕዋሳትም ይመጣል። ከዩሪክ አሲዱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ኩላሊት፣ የቀረውን አንጀት ያስወግዳል። መጠኑ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ይሳነዋል። በመሆኑም መድኃኒት ለተጀመረለት የሪህ ሕመምተኛ የሕክምናው ግብ ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማድረስ ነው።

ዕፅዋት በዚህ ደዌ ላይ ኃይል እንዳላቸው ማንም አይክድም። ለዚህም ኮልቺኩም የተባለው ባለ አበባ ተክል ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቢዛንታይን ሐኪም እስክንድር ዘትራሌስ ከዚሁ ወገን እንደሆነ የሚታመነውን ተክል ለመጋጠሚያ ሕመም ያዝዝ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት የተክሉን ኃይለኛ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ኮልቺሲን የተባለው ይህ መድኃኒት ዛሬም የሪህን ቁጣ ያበርዳል። ይሁን እንጂ ዩሪክ አሲድን አይቀንስም፤ መጠኑ ሲያልፍ ይገድላል፤ ክላሪትሮማይሲንን ከመሳሰሉ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድም መርዝነቱ ይበረታል። እንግዲህ ከተክል መገኘት ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

በዘመናችን ገበያ ስሙ የገነነው ቼሪ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 633 የሪህ ሕመምተኞች ተጠይቀው፣ ቼሪ በበሉባቸው ሁለት ቀናት ሕመሙ የመመለሱ ዕድል በ35 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ሆኖም ይህ በሰዎች ልማድ ላይ የተደረገ ምልከታ ነው። ከዚያ በኋላ 50 ሕመምተኞች በተሳተፉበት የ28 ቀናት ጥናት የቼሪ ጭማቂ የደም ዩሪክ አሲድን አልለወጠም። ቪታሚን ሲም ቢሆን በሪህ ሕመምተኞች ላይ ያሳየው ቅናሽ ለሕክምና የሚበቃ አይደለም።

ከማሟያው ይልቅ የዕለት ማዕዱ ይበልጥ ይመሰክራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመውና 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለው ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን እንደሚያበዙ፣ ፑሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬ ግን እንደማያበዙ አሳይቷል። ስለዚህ ሪህ ይዞኛል ብሎ ምስርና ሽሮ የተወ ጿሚ ያለ በቂ ምክንያት ማዕዱን አራቁቷል። ቢራና በስኳር የጣፈጠ መጠጥ ግን በእርግጥ ሊቀነሱ ይገባል።

ትልቁ አደጋ ማሟያውን መውሰድ ሳይሆን በእርሱ ተማምኖ መድኃኒትን ማቋረጥ ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው አሎፑሪኖል ሲቋረጥ ዩሪክ አሲዱ ተመልሶ ይወጣል፤ ክሪስታሉም ሕመም ሳይሰማ መጋጠሚያውን ሊበላ ይችላል።

ስለዚህ የፋርማሲ ባለሙያ ተግባር ተክሉን መናቅ አይደለም። ባላገሩም ሆነ ከተሜው ምን እንደሚወስድ በአክብሮት መጠየቅ፣ ከሌላ መድኃኒቱ ጋር ማስተያየት፣ ከመጀመሩ በፊትና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሙ እንዲመረመር መምከር ነው። የተክሉን ዋጋ የሚወስነው ዝናው ሳይሆን በምርመራው ወረቀት ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው።