የእንጅባራ ወንበር ይነቅዛል?

እንጅባራ ውስጥ መንገድ ዳር የተደረደረውን የቀርከሃ ወንበር ብዙ ሰው ዋጋውን ይጠይቅና «ሳር አይደል እንዴ? በዓመቱ ይነቅዛል» ብሎ ያልፋል።

ሳርነቱስ እውነት ነው፤ ቀርከሃ ከጤፍና ከገብስ ወገን ነው። መንቀዙም ሐሰት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከወንበሩ ሥር እንደ ሽሮ የላመ ብናኝ የምትጠርግ እናት ብትማረር አልፈርድባትም። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የቆረጣው ነው።

ነቀዙን የሚስበው በግንዱ ውስጥ የተጠራቀመው ስታርች ነው። የደጋ ቀርከሃ ቁመቱን ባንድ ክረምት ስለሚጨርስ ለጋው ከበሰለው እኩል ቆሞ ያታልላል፤ ለቤት ዕቃ የሚሆነው ግን 3 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ለጋው ሽፋኑ ገና አልረገፈም፤ የበሰለው ግራጫ ነጠብጣብ ይዟል። ገንዘብ የቸኮለ ሰው ሳይለይ፣ ያውም በክረምት ሲቆርጠው ነቀዙን አብሮ ሸጠላችሁ ማለት ነው።

«ቫርኒሽ ተቀብቷል» ሲሏችሁም አትዘናጉ። የቀርከሃ የውጭ ቆዳ ድሮም ጠንካራ ነው፤ ነቀዙ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ነው። ስለዚህ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውሃ መዘፍዘፍ አለበት። ይህን ላደረገ ባለሙያ ጥቂት ብር ብትጨምሩ አትከስሩም።

ዕድሜውን የሚጠራጠር የጨንቻዎቹን ዶርዜዎች ይመልከት። ቤታቸው ከቀርከሃ ተሸምኖ ለአሥርት ዓመታት ይኖርበታል። ከውስጥ የምድጃው ጢስ ነቀዝ ያርቅለታል። ምስጥ ከታች ሲበላው ቤቱ ያጥራል እንጂ አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል።

እንግዲህ ስትገዙ ወንበሩን ገልብጡት። ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር ካያችሁ ተዉት። በሚስማር ተመትቶ የተሰነጠቀውንም ተዉት፤ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በእንጨት ችንካር የተያያዘው ይሻላል። መቼ እንደተቆረጠና እንደተዘፈዘፈ ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄያችሁ አይከፋም። ዝናብ በሚመታው ግቢ አስቀምጠዋለሁ የሚል ካለ ግን ገንዘቡን ይዞ የብረት ወንበር ይግዛ።