የእንግሊዝኛ ኢመደበኛ ግሶችን በዐውዳቸው መረዳት



የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ አማካሪዬ በጥናቴ አንድ ክፍል ኅዳግ ላይ «ድሮፕ ዚስ» ብለው ጻፉልኝ። መዝገበ ቃላቴ ግሱን «ወደ ታች ጣለ» ይለዋል። እኔም ክፍሉን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ አወረድሁት። ለካ «ይህ ይውጣ» ማለታቸው ነበር! አንድ ወር ባከነብኝ።

ቃሉን አውቀው ነበር፤ የሳትሁት ዐውዱን ነው። በአማርኛ እንዲህ አንስትም። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ለመሄድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው መቀስ አያነሣም፤ ተስፋ የሚቆርጥም እንዲሁ። ፍቺውን የሚወስነው ከግሱ ጋር የተጣመረው ስም ነው። በእንግሊዝኛም «ከት» ከሥጋ ጋር ሲነገር መቁረጥ፣ ከ«ክላስ» ጋር ሲነገር ሆን ብሎ ከትምህርት መቅረት ነው። «ጊቭ አፕ» ብቻውን ሲቆም እጅ መስጠት ነው (እዚህስ አማርኛውም መስጠትን ይዟል)፤ «ስሞኪንግ» ሲከተለው ግን ማጨስን መተው ይሆናል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እነዚህን ግሶች በመማሪያ መጽሐፉ እምብዛም አያገኛቸውም፤ እኛ ግን በእርማታችን እንጽፋቸዋለን። ስለዚህ ተማሪዎቼን፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት «ማን? ምንን? ለምን ጉዳይ?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። እኔም በተማሪ ወረቀት ላይ «ድሮፕ» ብዬ አልጽፍም፤ አንቀጹን ራሴ እሰርዘዋለሁ።