ልብ ሲዘልና ከውጭ የሚላከው የማግኒዥየም እንክብል

(በወርኃዊው የጤና ትምህርት ስብሰባ ላይ በካምፑ የጤና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ንግግራችን ምክንያት የሆነን ከውጭ አገር የመጣ አንድ ብልቃጥ ነው። «ልቤ ይዘላል»፣ «ልቤ ያለ ልክ ይደልቃል» እያሉ ወደ ክሊኒካችን ከሚመጡት ወገኖች መካከል ከአሜሪካ ወይም ከጅዳ ዘመድ የላከላቸውን የማግኒዥየም እንክብል ከመቀነታቸው አውጥተው «ይህን ልዋጥ?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘመድ ከጉሮሮው ቀንሶ የላከውን ነገር «አይሆንም» በሚል አንድ ቃል መመለስ አግባብ ስላልመሰለን የምናውቀውን ልናስረዳችሁ ቀርበናል።

ማግኒዥየም ከምግብ የምናገኘው ማዕድን ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 25 ግራም ያህል ሲገኝ፣ ከግማሽ የሚበልጠው አጥንት ውስጥ ነው። ልብ የምትመታው እንደ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ ማዕድናት ወደ ልብ ሕዋሳት በሥርዓት ሲገቡና ሲወጡ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህን መግባትና መውጣት ከሚቆጣጠሩት አንዱ ማግኒዥየም ነው። እሱ በጣም ሲያንስ ፖታሲየምም ተከትሎት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ትርታ ሊዛባ ይችላል። በሆስፒታልም ለአንዳንድ ከባድ የትርታ መዛባት ማግኒዥየም በደም ሥር ይሰጣል።

ስለዚህ የዘመዶቻችን ምክር ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ልብ የሚዘልበት ምክንያት ብዙ ሲሆን፣ እንክብሉ የሚጠቅመው ማግኒዥየም ለጎደለው ሰው ነው። ላልጎደለው ሰው የተዛባ ትርታን እንደሚያስተካክል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ ስለ አንዲት እናት እንንገራችሁ፤ ፈቃዳቸውን ሰጥተውናል። ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልባቸውም ይደልቃል። ወደ እኛ መጡ። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበርና የደም ግፊታቸውን ለክተን «ሐሳብ ነው፣ ይረፉ» ብለን ሸኘናቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስደተኛ ሐሳብ አያጣምና ሁሉን በሐሳብ ማሳበብ ለእኛ ይቀለናል። የእጃቸውን ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይዘን ብንቆጥር ኖሮ መዛባቱን በጣታችን እናገኘው ነበር። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ማግኒዥየም ላከላቸው፤ አራት ወር ዋጡ፤ የቀለላቸውም መሰላቸው። አንድ ማለዳ ቡና ሲቀዱ ጀበናው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ ቃልም ጠፋቸው። ሪፈር ተጽፎላቸው ሆስፒታል ሲመረመሩ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የትርታ መዛባት እንዳለባቸው፣ ከልባቸው በሮች አንዱም መጥበቡ ታወቀ። ዛሬ ይናገራሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጀበና አያነሣም።

የልብ በር መጥበብ በአገራችን ብዙ ሰው የሚጎዳ ሕመም ነው። የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በደንብ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮው ይድናል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የልብ በር ጠባሳ ይዞ ይገኛል። በሩ ሲጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ በሥርዓት መምታቱንም ትቶ ይንቀጠቀጣል። በዚያ የማይንቀሳቀስ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያመጣል። ማግኒዥየም ይህን የረጋ ደም አያግደውም። የሚያግደው ሐኪም የሚያዘው ዋርፋሪን የተባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ለዚህ ዓይነት ሕመም እነዋርፋሪን ሪቫሮክሳባን ከተባለው አዲስ መድኃኒት እንደሚሻሉ አሳይቷል። ስለዚህ «ይኸኛው ዘመናዊ ነው» ተብሎ ከውጭ ቢላክላችሁም ሳታማክሩን አትለውጡ።

ትርታን መያዝ ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ። ከአውራ ጣት በታች፣ አንጓው ላይ፣ ሁለት ጣት አሳርፉ። በስልካችሁ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ60 እስከ 100 መደበኛ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አመታቱን ልብ በሉ፤ እንደ ሰዓት እኩል ነው ወይስ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ወጥ ያጣ? አልፎ አልፎ አንድ ምት መዝለል በጤነኛም ሰው ይታያል። ምንም ወጥ የሌለው ከሆነ ግን ቁጥሩን ጽፋችሁ ኑ። ስለ ደም ማነስና ስለ እንቅርትም እንጠይቃችኋለን፤ ሁለቱም ልብን ያስሮጣሉ።

ማግኒዥየም የሚጎድለውስ ማን ነው? ተቅማጥ የቆየበት፣ ምግብ በጣም ያነሰው፣ አረቄ የሚያበዛ፣ ለእብጠት ወይም ለግፊት ላሲክስ የሚወስድ፣ እንዲሁም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ የዋጠ ሰው ነው። ስለ መጨረሻው የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ዲጎክሲን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ሲወርዱ መድኃኒቱ ራሱ ልብን ይመርዛል።

ለሌላው ሰው ከብልቃጥ ይልቅ ምጣድና ድስት ይበልጣሉ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ310 እስከ 420 ሚሊ ግራም ነው። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለ። ጤፍ እዚህ እንደ ወርቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ማሽላ ግን ብዙም አይርቀውም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥና የዱባ ፍሬም ጥሩ ናቸው። ፍሩሽካው የወጣለት ነጭ የስንዴ ዱቄት ማግኒዥየሙን አብዛኛውን ያጣል። ሊጥ ሲቦካ ደግሞ ማዕድን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል፤ እናቶቻችን ለጣዕሙ ብለው ሲያቦኩ ይህንም ሠርተውልናል። ራሽን በተቀነሰበት ወር ይህን ሁሉ መናገር ቀላል፣ ማግኘቱ ከባድ መሆኑን አንዘነጋም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጎመን ማግኒዥየም አለው፤ ሆኖም ዋርፋሪንን የሚያዳክም ቫይታሚን ኬም አለው። ዋርፋሪን የምትወስዱ ጎመን አልተከለከላችሁም። የለመዳችሁትን ያህል ብሉ፤ አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ጭራሽ አይሁን።

እንክብሉን ለመዋጥ የወሰነ ሰው፣ አንደኛ፣ ኩላሊቱ ደህና መሆኑን ያረጋግጥ። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ከደከመ ማግኒዥየሙ ተጠራቅሞ ሰውነትን ያዝላል፣ ግፊትን ያወርዳል፣ ልብንም ያዘገያል። ሁለተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእንክብል በቀን ከ350 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ ብዙዎቹ ብልቃጦች ላይ 400 ወይም 500 ተጽፎ አይተናል። ተቅማጥ ከጀመረው በዝቶበታል ማለት ነው። ሌላው፣ ከዶክሲሳይክሊን፣ ከሲፕሮ ወይም ከእንቅርት መድኃኒት ጋር አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የምትወስዱ ከማግኒዥየሙ 2 ሰዓት አስቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት አቆይታችሁ ውሰዱ። የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፖችም ብዙዎቹ ማግኒዥየም አላቸው።

ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትንም ይጨምራል፤ ልቡ የሚዘል ሰው ቢተወው ይሻለዋል። ቡናን ግን ከቤታችሁ ለማስወጣት አልመጣንም። በልክ የሚጠጣ ቡና አብዛኛውን ሰው አይጎዳም፤ ከበረካው በኋላ ልቡ የሚደልቅበት ሰው በአቦሉ ይብቃው።

ራስን ከሳተ፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመው፣ ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም አፉ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለና ንግግሩ ከተሳሰረ ሰው ጋር ሰልፍ አትያዙ። ሌሊትም ቢሆን ዘበኛውን ቀስቅሱ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙልን፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትርታ ብቻ የምንይዝበት ጠረጴዛ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ይኖራል። ካርድ አያስፈልግም። የምትውጡትን ሁሉ፣ የሐኪሙንም፣ የዘመድንም፣ የገበያውንም፣ የባህሉንም፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ያነሣናቸው እናት እዚያው ይሆናሉ፤ በግራ እጃቸው ትርታ መያዝ ተምረዋልና ወረፋ የሚጠብቁትን እሳቸው ያስተምራሉ።