በአንድ ምርትና በአንድ ገበያ ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ይብቃ
(ቡሹሎ ለተሰበሰቡ መራጮች የተደረገ ንግግር)



በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ሴት ልጆቻችን ልብስ ሰፍተው ደመወዝ አገኙ፤ ያውም ከቤት ኪራይ ብዙም የማያልፍ። አሜሪካ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታቋርጥ ግን ስንቶቹ ከሥራ ተበተኑ! ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ይገባ ስለነበር የጥጥ ገበሬው መጀመሪያም ከፓርኩ ያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ፓርቲያችን ፓርኩ ይዘጋ አይልም። የባንክ ብድር ግን አቮካዶ ለሚጨምቅ፣ ወተት ለሚያቀነባብር፣ የእንሰት ቃጫ ለሚፈትል፣ የሐይቁን ዓሣ በበረዶ አቆይቶ ለሚሸጥ የከተማችን ሰው ጭምር እንዲደርስ እናደርጋለን። ለዚህም የመሬት ይዞታ መብቱን በዋስትና እንዲያስይዝ ሕጉ የሚፈቅድለት መብት በተግባር እንዲውል እናደርጋለን።