እርም ለማውጣት የሚሆን ድምፅ፦ ሙዚቃና የመከራ ታሪክ መታሰቢያ



መታሰቢያ ሲባል አስቀድሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚሣለው ሐውልት ነው። ድንጋይና ነሐስ ዘመን ይሻገራሉ፤ ድምፅ ግን ተሰምቶ ያልፋል። ይሁንና ሰዎች መከራ ሲደርስባቸው ሐውልት ከማቆማቸው በፊት ድምፃቸውን ያሰማሉ። ለመሆኑ ድምፅ የመከራን ታሪክ በእርግጥ የሚዘክረው ምን ሲያሟላ ነው? ሁለት የታወቁ የሙዚቃ ሥራዎችን ካነጻጸርሁ በኋላ ወደ አገራችን ጉዳይ እመለሳለሁ።

ፖላንዳዊው ክሽሽቶፍ ፔንደሬትስኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ለ52 ባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈው ድርሰት ዛሬ ለሂሮሺማ ሰለባዎች እንደ ቀረበ ሙሾ ይታወቃል። የመጀመሪያ ርእሱ ግን የጊዜው ርዝመት ብቻ ነበር፤ 8 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ። ለሂሮሺማ የተሰጠው ከተደረሰ በኋላ ነው። የአውታሮቹ ጩኸት ያስደነግጣል። ርእሱን የማያውቅ አድማጭ ግን ድንጋጤውን ይዞ ይወጣል እንጂ ታሪኩን አያገኝም።

አሜሪካዊው ስቲቭ ራይሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው «የተለያዩ ባቡሮች» በተሰኘው ሥራው ሌላ መንገድ መረጠ። ወላጆቹ ተለያይተው ስለ ነበር ሕፃን ሳለ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ መካከል በባቡር ይመላለስ ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ፣ በዚያው ዘመን አውሮፓ ቢኖር ኖሮ ባቡሩ ወደ ሞት ካምፕ ሊወስደው ይችል እንደ ነበር ኋላ ላይ አሰበ። ስለዚህ የሞግዚቱን፣ የአንድ ጡረተኛ የባቡር አስተናጋጅንና ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎችን የተቀዳ ድምፅ ሰበሰበ። መሣሪያዎቹ የሚያሰሙት ዜማ ከተናጋሪዎቹ ድምፅ ከፍታና ዝቅታ የተወሰደ ነው። በዚህ ሥራ ምስክሩ ይቀድማል፤ ሙዚቃው ይከተላል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ቤት ስትቆም ስለ ሐዘን በጥቅሉ አታዜምም። የሟቹን ስም፣ ዘር፣ ሙያና ጠባይ እያነሣች ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ሐዘንተኛ እርሙን የሚያወጣው ሟቹ በስሙ ተጠርቶ፣ በሰው ፊት ሲለቀስለት ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች ይህን ተነፍገዋል። የብዙዎቹ ሟቾች አስከሬን በጅምላ ተቀበረ፤ ቤተሰቦችም በይፋ እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ልጅን የቀማው እጅ የእናትን ለቅሶም ቀማ።

የኅሊና ጸሎት የምንለውን የዝምታ ሥርዓት በዚህ ዓይን እንድንመረምረው እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1919 ብሪታንያ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ሙታን ለሁለት ደቂቃ በዝምታ ስታስብ፣ ሕዝቡ ዝም ያለው በፈቃዱ ነበር። ዝምታ በገዳዮቹ ትእዛዝ ለተጫነበት ሐዘንተኛ ግን ሌላ ደቂቃ ዝምታ ምኑን ያጽናናዋል?

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍና ዐፅም ለጎብኚ ያሳያል። ለዓይን የተሰጠው ለጆሮም ሊሰጥ ይገባል። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ 70 ሊደፍን ነው፤ የእናቶቹማ ድምፅ ከእጃችን እያመለጠ ነው። የሙዚቃ፣ የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎች በቤተሰቦቹ ፈቃድ ምስክርነታቸውን ይቅዱ፤ ሙሾውም በየቋንቋው ይሰብሰብ። የሙዚቃ ደራሲ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዜማ ቁስልን ሊቀሰቅስ ይችላል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስጋቱም እውነት አለው። ነገር ግን ፉከራ ፊቱን ወደ ጠላት ያዞራል፤ ሙሾ ወደ ሟቹ። መታሰቢያችን የትኛውን እንደሚመስል የሚወሰነው በምንመርጠው ቃል ነው። እኔ የምመርጠው የሟቹን ስም ነው፤ በቀልን ሳይሆን እርም ማውጣትን የሚፈቅድ እርሱ ነውና።