ስለ አይሶቶፕና ስለ አጻጻፉ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ስለ ኬሚስትሪ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የመረጥሁት ነገር በአንድ ፊደል ራስጌ ስለምትጻፍ ትንሽ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን ይህችን ቁጥር ለፈተና እናጠናታለን እንጂ ምን እንደምትናገር አንጠይቅም። እርሷ ግን ደኅናውን ከአደገኛው ለይታ የምታሳውቅ ናት።

በእያንዳንዱ አቶም መካከል ኒውክሊየስ የሚባል እምብርት አለ፤ በውስጡም ፕሮቶንና ኒውትሮን ይገኛሉ። የንጥረ ነገሩን ስም የሚወስነው የፕሮቶኑ ቁጥር ብቻ ነው። 53 ፕሮቶን ያለው ሁሉ አዮዲን ነው፤ 54 ያለው ግን ዜኖን የሚባል ጋዝ ነው። የኒውትሮኑ ብዛት ቢለያይ ግን ክብደቱ ይለያያል እንጂ ስሙ አይለወጥም። እንዲህ በፕሮቶን እኩል ሆነው በኒውትሮን የሚለያዩ አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «እኩል ስፍራ» ማለት ነው፤ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ አንዱን ሳጥን በጋራ ይይዛሉና። ስሙን ያመለከተችው ሐኪሟ ማርጋሬት ቶድ ስትሆን፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ሶዲ እ.ኤ.አ. በ1913 በጽሑፍ አወጣው።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። በንጥረ ነገሩ ፊደል በስተግራ ከታች የፕሮቶኑ ቁጥር፣ ከላይ ደግሞ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ይጻፋል። በጨው ውስጥ ለሚጨመረው አዮዲን ከታች 53፣ ከላይ 127 ይጻፋል። ከላይኛው ላይ ታችኛውን ስንቀንስ 74 ኒውትሮን እናገኛለን። ለሌላው አዮዲን ከታች ያው 53፣ ከላይ ግን 131 ነው፤ ኒውትሮኑም 78 ይሆናል። በአጭሩ አዮዲን-127፣ አዮዲን-131 እንላለን። የታችኛው ቁጥር ቢቀር ስሙ ራሱ ይናገረዋል፤ የላይኛው ቢቀር ግን የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን የለም።

በሠንጠረዡ ላይ ለክሎሪን 35.5 ተጽፎ ስናይ ግማሽ ኒውትሮን አለ ብለን እንዳንሳሳት። ከአራት የክሎሪን አቶሞች ሦስቱ ያህል ክሎሪን-35፣ አንዱ ያህል ክሎሪን-37 ነው። 35ን ሦስት ጊዜ ደምረን 37 ብንጨምርበት 142 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈልም 35.5 ይደርሳል። ይህ የብዙዎቹ አማካይ ነው እንጂ የአንዱ አቶም ክብደት አይደለም።

አሁን ወደ አዮዲን ልመለስ። ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረው በአገራችንም የታወቀውን እንቅርት ለመከላከል ነው። አዮዲን-127 ጸንቶ ይኖራል። አዮዲን-131 ግን ጨረር እየረጨ ይፈርሳል፤ በየ8 ቀኑም እኩሌታው ያልቃል። በአንገታችን ላይ ያለው ዕጢ ግን የላይኛውን ቁጥር ማንበብ አይችልም፤ ሁለቱንም አዮዲን ብሎ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዩክሬን የቼርኖቤል የአቶም ኃይል ጣቢያ በፈነዳ ጊዜ፣ አዮዲን-131 በሣር ላይ ወርዶ ከሣሩ ወደ ላም ወተት አለፈ። ያንን ወተት ከጠጡት ሕፃናት መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ከዓመታት በኋላ የዚያ ዕጢ ካንሰር ታየ። ለእንዲህ ያለው አደጋ መከላከያ የሚሰጠው ክኒን ደኅናው አዮዲን-127 ነው፤ ዕጢው በደኅናው አስቀድሞ ከጠገበ አደገኛውን የሚያስገባበት ስፍራ የለውምና። ደግሞም ይኸው አዮዲን-131 በሐኪም እጅ ተመጥኖ ሲሰጥ፣ የታመመውን ዕጢ ራሱ ፈልጎ ያክማል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አካላችን ሊያነባት የማይችለውን ቁጥር ማንበብ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። ወላጆቻችንም በደብተራችን ላይ ከፊደል በላይ የተጻፈች ትንሽ ቁጥር ስታዩ፣ «ይህች ምን ትላለች?» ብላችሁ ጠይቁን። መልሱን የሚያውቅ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል።