የዘር እህልና የጣና አሣ



እኛ የመካነ ሰላም ገበሬዎች ነን። የአሣ ነገር ለእኛ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። ግን ከቦረና ቆላ በታች የሚያልፈው ዓባይ የሚመጣው ከጣና ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጣና ነጭ አሣ ነው።

ነጭ አሣ ኑሮው ሐይቁ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ግን እየተንጋጋ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። እንቁላሉን ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ይጥላል።

ዱሮ ሰው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምድ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ረጅም መረብ መጣ። ገበያው ደራ። መረቡም በወንዝ አፍ ላይ ተዘረጋ። እናቲቱ አሣ እንቁላሏን ሳትጥል ተያዘች። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ አሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ጎደለ።

በአውሮፓም የሰሜን ባሕር ሄሪንግ የሚባለው አሣ እንዲሁ ተሟጦ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ማጥመዱ ተከለከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሣው መልሶ ረባ።

አጥማጁን ችግር ያስገድደዋል። እኛስ ሰኔ ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ የዘሩን እህል አላየነውም? ግን ዘሩን የበላ በመኸር ምን ያጭዳል? አጥማጁም በክረምት መረቡን ከወንዝ አፍ ያንሣ። እንዲህ ሲያደርግ ለልጁም አሣ ይተርፋል።